ዘፋኙ የሚያየው ማንን ነው

«እዚህ ጋ ተሳስተዋል» አለች ልጅቷ፣ በእርሳሷ ጫፍ የሙዚቃ መጽሔቱን መሃል እየነካች። «አንድ የድሮ ፎቶ ሁለቱንም ገጽ ሞልቶታል። ርዕሱ በስተግራ፣ ዘፋኙ በስተቀኝ። አንባቢ ደግሞ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ወደሚያይበት ነው የሚያየው። ዘፋኙ ወደ መሃል ያያል። መሃሉ ላይ ምን አለ? እጥፋት። ባዶ ነገር። ነገ የገጽ ንድፍ ክፍል ውስጥ የምተቸው ይህንን ነው።»

አባቷ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። መጽሔቱን ጠዋት በሩቁ አይቶት ነበር፤ የዘፋኙ ጥርስ ብቻ በቅቶታል። ድሮ አንድ ባንድ ውስጥ ሳሉ እሱ ላቡ ጠብ እስኪል ድራሙን ይወቅጣል፣ ያ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ጭብጨባውን ይለቅማል። ለዘፋኙ መኪና ይላካል፤ እሱ ከነድራሙ በእግሩ።

«ባዶ አይደለም» አለ አንገቱን ሰገግ አድርጎ። «ያቺ ከእጥፋቱ ብቅ ያለችው ክርን የእኔ ናት። ሌላውን የመጠረዣው ሙጫ በልቶታል። ሰው ሲንቀኝ ኖሮ አሁን ደግሞ ሙጫ ናቀኝ።»

ልብስ የምታጥፈው ሚስቱ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ከሙጫም ተጣላህ?»

«ተይኝ እስቲ። አንድ ምሽት ‹ቀስ ብለህ ምታ፣ ድምፄን ዋጥከው› ብሎ በሰው ፊት አዋርዶኛል። መድረክ ላይ አንድ ቀን እንኳ ዞሮ አይቶኝ አያውቅም።»

«እዚህ እኮ ዞሯል፣ አባዬ» አለች ልጁ። ትንሽ አመነታች። ከዚያ መጽሔቱን ከወገቡ ይዛ ሁለቱን ገጾች ከሙጫው አላቀቀቻቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ገፋ ገፋ እያደረገች ጠርዛቸውን አገጣጠመች።

መጀመሪያ ድራሞቹ ክብ ሆኑ። ግማሽ ግንባር ከግማሽ ግንባር ተገናኘ፤ አፍንጫ ወጣ። ጸጉሩ የተንጨባረረ ወጣት መምቻዎቹን ሽቅብ ሰቅሎ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ ይስቃል። ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ደረቱ ላይ አውርዶ፣ አዳራሹን ረስቶ፣ እሱን እያየ በሳቅ ፈርሷል።

«ገጹን የሠራው ሰው አልተሳሳተም» አለች ልጁ ቀስ ብላ። «ዓይን ሁሉ የሚሄደው ወደ አንተ ነው። ያበላሸው ያጣበቀው ሰው ነው።»

ድራም መቺው ጎንበስ አለ። በዚያ በራሱ የወጣትነት ፊት ላይ ቅያሜ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ፣ አጣ።

«ምን ብለኸው ነው እንዲህ የሳቀው?» አለች ሚስቱ፣ ያጠፈችውን ሸሚዝ እንደያዘች በትከሻው ላይ እያየች።

«እኔ እንጃ።»

ቢያስብ አልመጣለትም። የሚያውቅ ሌላ አንድ ሰው ብቻ አለ። ስልኩን አነሳ። ቁጥሩን ኩራት ይዞት ደውሎበት አያውቅም እንጂ አላጠፋውም።

«ሃሎ» አለ እርጅና ያሻከረው ድምፅ።

«እኔ ነኝ። መጽሔቱ ላይ ያለው ፎቶ… ያኔ ምን ብዬህ ነው?»

 ከወዲያ፣ ከመልሱ በፊት፣ ከሆድ የሚነሳ ሳቅ መጣ። አልቆመም፤ ለመናገር ሲሞክር ሳቁ መልሶ ያፍነዋል። ድራም መቺውም ነገሩን ገና ሳይሰማ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ይስቅ ጀመር።