የወፍ በሽታ ያለበት ሰው

«እኔን በመርፌ አትነኪኝም!» ይላል ካሳ፣ ክንዱን ጋቢው ውስጥ ደብቆ።

ዛሬ ደም ልቀዳለት ካስቀመጥኩት ሰው ሁሉ ይሄ አርባኛው ሳይሆን አይቀርም። እግሬ ዝሏል። የሰውየው የዓይን ነጭ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኗል። ከአርብ ገበያ ከተማ ወዲያ ካለ መንደር እየጎተተች ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ድረስ ያመጣችው ሚስቱ ዘቢደር አጠገቡ ቆማለች።

«የወፍ በሽታ ያለበትን መርፌ ከነካው አለቀለት» ይለኛል። «ጥጋቡ የሚባለውን አጎቴን ወግተውት በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።»

ይህን ስንቴ እንደሰማሁ እኔና እግዜር እናውቃለን። ወር ሁለት ወር የቅጠል ጭማቂ ሲጠጡ ይከርሙና ሆዳቸው ሲነፋ ይመጣሉ። ያኔ ሕክምናው አልሆን ይላል፤ ገዳይ የሚባለው ግን መርፌው ነው። መናደዱም ደክሞኛል።

«ጋሼ፣ ምንም አልሰጥዎትም፤ ደም ልቀዳ ነው። ጉበትዎን የያዘው ነገር ከደሙ ይታወቃል።»

«ያው መውጋት አይደል?»

«አንተ ሰው፣ ከሞትክም ተመርምረህ ሙት!» ትላለች ዘቢደር፣ ጋቢውን ገልጣ።

ካሳ ሳያስበው ይስቃል። ክንዱን በላስቲክ ሳስር ዓይኑን ጨፍኖ አቡነ ዘበሰማያት ይጀምራል፤ ሳይጨርሰው ቀድቻለሁ።

ደሙን አጣርቼ መመርመሪያው ላይ ጠብ አድርጌ ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። ካሳ ወንበሩ ላይ ሞቱን ይጠብቃል። ሁለት መስመር ይወጣል። ምነው አንድ በሆነ!

«ጉበት የሚጎዳ ቫይረስ ተገኝቷል፤ ሄፓታይተስ ቢ ይባላል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ይነግርዎታል። ከባል ወደ ሚስት ስለሚተላለፍ ግን፣ እህቴ፣ አንቺም ተቀመጪ።»

ካሳ ብድግ ብሎ መካከላችን ይቆማል። «እሷ ምን ሆነች? ዓይኗ ጥሩ ነው! እሷን ተያትና ከኔ ድገሚ» ብሎ ሌላውን ክንዱን ይዘረጋልኛል።

ዘቢደር በጎኑ አልፋ ትቀመጣለች። እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ እሱን ሳታይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀኛለች።

«በሆዴ ላለውም ይተርፋል?»

«ስንተኛ ወርሽ ነው?»

«ሦስት።»

ቀና ስል ካሳ ክንዱን እንደዘረጋ ነው። የሚያየው ግን እኔን አይደለም፤ ለእሱም ገና አሁን መንገሯ ነው።