ለሜንጎው ድል አድራጊ የተገጠመ

«ጥንት ኖርማኖች ጣሊያንን ሲወሩ፣ ጀብዱአቸውን በላቲን የሚገጥም ባለቅኔ ነበራቸው» አሉት ጋሽ ማኑሄ አዝማሪውን፣ ታደለች ከፍታው እሳቸው በነጠቋት፣ ካምፓላ ሜንጎ ሰፈር ባለው ምግብ ቤት መሀል ብርጭቆ አንስተው። «ለእኔ ደግሞ አንተ አለህልኝ። ተቀበል! ‹ማኑሄ ጀግናው፣ ሜንጎን ያስገበረ!›»

የአዝማሪ ወግ ነውና የሰጡትን ስንኝ ተቀብሎ ማዜም ነበረበት፤ እምቢ ካለ እንጀራው ተዘጋ። ታደለች፣ በገዛ ቤቷ ሳህን አጣቢ ሆና፣ ከኩሽናው በር ታየዋለች። ካምፓላ ሲገባ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ያበላችው እሷ ነበረች። «ያ ባለቅኔ ለሆዱ አድሮ ይሆናል፤ እኔ ግን አላድርም» አለ በልቡ። ማሲንቆውን ገዘገዘው፦

«ማኑሄ ፎከረ በቀማው ጉልቻ፣
ምድጃው የሷ ነው፣ የታደለች ብቻ!»

«ማን ሰጠህ ይሄን?» ጋሽ ማኑሄ ጮኹ።

«ማንም! ከራሴ ነው።»

ዘበኛው አንገትጌውን ይዞ ወደ ውጭ ሲጎትተው፣ እሱ ሁለተኛውን ዙር ጀምሮ ነበር።