የጥጃዋ መርፌ

ጎረቤቴ እትዬ ይርገዱ ጥጃቸው በተቅማጥ ስትዝለፈለፍ የጠሩት እኔን ነው፤ የከብት ሕክምናን ብቻዬን ከመጽሐፍ የተማርኩትን። «የተቅማጡ መርዝ ደሟ ውስጥ ገብቷል» አልኩና እንድትቋቋመው ቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን ያለበት መድኃኒት ወጋኋት። በማግስቱ ሞተች።

«በረት የሚጠርጉት ለፋሲካ ብቻ ነው እንዴ?» አልኳቸው፣ «እግዜር ይተካ» ሊል በመጣው ሰው ሁሉ ፊት።

«እውነትሽን ነው ልጄ፤ እኔው ነኝ የገደልኳት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ቤቴ ገብቼ የመድኃኒቱን ወረቀት ደግሜ ሳነበው፣ የወጋኋት የትልቅ ላም መጠን ነበር። ሲበዛ ራሱ መርዝ ነው ይላል።

እውነቱን ልነግራቸው ስመለስ በረታቸው ተጠርጓል። ደጃፋቸው ላይ መንደርተኛው ሁሉ የየራሱን ጥጃ ይዞ ቆሟል።

«የኔ ስንፍና ለነሱም እንዳይተርፍ ብዬ ነው የጠራኋቸው» አሉኝ። «ሳይታመሙባቸው ቀድመሽ ውጊላቸው።»