በሁለት ጣት የሚቆም ፍሬን

ሰፈሩ የሚጠራው «ሁለት ጣት» እያለ ነው። ጣቱ ጎድሎ አይደለም፤ አሥሩም አሉ። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ብስክሌት ጠግኖ ከማስረከቡ በፊት የፍሬኑን እጀታ በሁለት ጣት ብቻ ይጨብጥና ብስክሌቱን ወደ ፊት ይገፋል። ጎማው ድርቅ ብሎ ከቆመ ይሂድ። ከተንከባለለ ባለቤቱ መሬት ላይ ቢንደባለልም አይወስድም። «ነገ እናትህ ከምታለቅስ ዛሬ አንተ አልቅስ» ይለዋል።

ይህን ፈተና ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። እሱ ያላሳለፈውን ብስክሌት ሌላ ሰው እጀታውን እንኳ አይነካም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቶ፣ በእሱ ፍሬን የወደቀ አንድም ሰው የለም።

ሴት ልጁ ብስክሌት ተወዳዳሪ ናት። ለትልቁ ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀራት አዲስ የፍሬን እጀታ፣ ከእጀታው የሚሳብ አዲስ የሽቦ ካቦ፣ አዲስ የፍሬን ጎማ ገጠመላት። ዕቃውን የገዛው ከታናሽ ወንድሙ ነው። ወንድምየው እዚያው ጎን፣ ግድግዳ ተጋርቶ መለዋወጫ ይሸጣል።

ገጥሞ ሲጨርስ በሁለት ጣት ጨበጠና ገፋ። ጎማው ምንም እንዳልተነካ ተንከባለለ።

ካቦውን ሳበው። ቸርኬውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ቅባት ነክቶት እንደሆነ ብሎ በአልኮል ሊጠርገው ሲል የጠርሙሱ ክዳን አልከፈት አለው። ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ ከፈተችለት።

«የዘንድሮ ክዳን!» አለ። ሰሞኑን የዘንድሮ ነገር ሁሉ እልኸኛ ሆኖበታል፤ የዘንድሮ ብሎን፣ የዘንድሮ የበር ቁልፍ።

ጠርጎም ሞከረ። አይዝም። ቆሽቱ አረረና ወደ ጎረቤት ሱቅ ገባ።

«ምን ዓይነት ዕቃ ነው የሰጠኸኝ?»

«ምን ሆነ፣ ወንድም ጋሼ?»

«አይዝማ! የልጄን ሕይወት ነው እንዴ የቸበቸብከው?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ለራሴ ልጅ የማስበውን ነው የሰጠሁህ። እስኪ አምጣው፣ እኔ ልሞክረው።»

«እጅህን ሰብስብ! አስመስለህ የሸጥከው አይበቃህም?»

በዚያው ሳምንት የሌሎች ሦስት ደንበኞች ብስክሌት ፈተናውን ወደቀ። የሦስቱም የፍሬን ጎማ ከወንድምየው ሱቅ የተገዛ ነበር። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እልህ ይዞት ገበያ ወርዶ ከሌላ ነጋዴ አዲስ የፍሬን ጎማ ገዛና ለልጁ ገጠመላት። እሱም አልያዘም። በኋላ ሲያጣራ ለካ ያም ነጋዴ በጅምላ የሚረከበው ከወንድምየው ነው።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አለ እራት ላይ። የሻይ ብርጭቆው ከእጁ አመለጠና ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። «ይኸው፣ አየሽ ሰው እንዴት እንደሚያናድድ!»

ሚስቱ ስብርባሪውን ለቀመች።

«አባዬ፣ እስኪ አንዴ ልንዳውና ልየው» አለች ልጅቷ።

«እኔ ቆሜ አይሆንም! የውድድሩን ቁልቁለት አታውቂውም? እዚያ ላይ ፍሬን እንቢ ያለሽ ቀን የምለቅመው አጥንትሽን ነው።»

ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ በሰንሰለት ቆለፈው። ውድድሩ ያለ እሷ ተካሄደ። ለአራት ዓመት የተዘጋጀችበትን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷን ቀና ብላ አታየውም።

እሱም ሰበቡ ወንድሙ እንደሆነ ያውቃልና አልተኛለትም። ለገባ ለወጣው ነገረ፤ «አንድ ማህፀን ነው ያፈራን፤ እንዲህ ካደረገኝ እናንተንማ!» አለ። የእሱን ቃል ደግሞ የሚጠራጠር የለም። በሁለት ወር ውስጥ የወንድምየው ሱቅ ዝንብ የሚያባርር እንኳ ጠፋበት። እሽጋቸው ያልተፈታ ዕቃዎቹን በግማሽ ዋጋ ሸጦ፣ መደርደሪያውን ጭነት መኪና ላይ አስጫነ። ልጆቹን ይዞ ወደማያውቀው ከተማ ሊሄድ ሲል የታላቅ ወንድሙ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንዴ እንኳ እንድነካው ብትፈቅድልኝ ምን ነበረበት?»

ሁለት ጣት ጀርባውን ሰጠው። ሚስቱ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በሳምንቱ ልጅቷ ብስክሌቱን ልትሸጠው ቆረጠች። «ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል» አለች። አባቷም ፍሬን እንደሌለው ለገዢው ይነገር ብሎ የሰንሰለቱን ቁልፍ ሰጣት።

ጠዋት ነበር። ደጅ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ እንደ ሰሞኑ ልማድ ሚስቱ የሸሚዙን ቁልፍ ትቆልፍለታለች። ልጅቷ ብስክሌቱን እየገፋች ወጣች። እስከ መንገዱ አናት ድረስ ገፋችው። እዚያ ስትደርስ ግን ወጣችበት፤ ቁልቁል ወደ እነሱ ተለቀቀች።

«ውረጂ!» ብሎ ጮኸ። «ውረጂ አንቺ ልጅ! ፍሬን የለውም!»

ጎማው ሲጥ አለ። እግሩ ሥር ሲደርስ፣ ስንዝር ሲቀረው፣ ብስክሌቱ ድርቅ ብሎ ቆመ። አቧራው ጫማው ላይ አረፈ። የሚስቱ እጅ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቀረ።

አባቷ እጀታውን የያዘ እጇን አየ።

«በስንት ጣት ያዝሽው?»

«በአንድ» አለች።