አሥራ አንድ ጊዜ መውረድ

እንዳለው የሚባለው የቀበሌው ሊቀመንበር የብስክሌቴን መሪ በግራ እጁ ጨብጦ በቀኙ ኪሱን ይዳብሳል። ወረቀት ነው የሚፈልገው። እኔ በወዲህ በኩል መቀመጫውን ይዣለሁ፤ አለቅም።

«ይሄ ንብረት የመንግሥት ነው ፍሬሕይወት» ይላል። «ለልማት ሠራተኛ ሥራ ማቀላጠፊያ ብለው ሰጡሽ እንጅ ሽማግሌ መናቂያ አይደለም። ወደ ወረዳ አንድ መስመር ከጻፍኩ ይወስዱታል፣ እወቂው።»

አውቃለሁ። ከወሰዱት ከቡሬ እዚህ ድረስ በእግሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እስክደርስ ገበሬው በሬውን ጠምዶ ማሳው ውስጥ ገብቷል፤ ጤፍ በመስመር ዝሩ ብዬ ብለፈልፍ ማን ቆሞ ይሰማኛል? ለሌላው መከራማ ለምጃለሁ። ወደ ነቀምት የሚከንፈው የጭነት መኪና በየማለዳው ከአስፋልቱ ገፍትሮ ያወጣኛል፣ እሾህ በሳምንት ሁለቴ ጎማዬን ይበሳዋል፣ ውሾቹ የቀሚሴን ጫፍ በልተው ጨርሰውታል። ያናድደኛል እንጂ አያስለቅሰኝም።

ከሳሼ አያ ይርሳው በጽሕፈት ቤቱ ጥላ ሥር የበቅሏቸውን ልጓም ይዘው ቆመዋል። በጋቢያቸው ላይ በግምገማ የተሸለሙትን የሞዴል አርሶ አደር ኮፍያ ደፍተዋል። ፊታቸው ላይ ቁጣ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ተጎድተዋል።

«ትናንት ጧት አማቾቼን ስሸኝ ነው» ይላሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሊቀመንበሩ። «ልጄን የዳርኩባቸውን ሰዎች። ይች ልጅ እዚያ ነገር ላይ እንደተቀመጠች በፊቴ ውልብ ብላ አለፈች። እኔ በበቅሎ ስሄድ ትልቅ ሰው አግኝቼ ሳልወርድ ያለፍኩበት ቀን የለም። አማቾቼ እርስ በርስ ተያዩ። ምን ይበሉኝ?»

እውነታቸውን ነው። ሲወርዱ ዓይቻለሁ። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት እንኳ ይወርዳሉ።

እኔም ስወርድ ኖሬያለሁ። ለሚካኤል ደጃፍ እወርዳለሁ፣ ለቀብር እወርዳለሁ፤ እነዚህን አልቆጥራቸውም። ከአስፋልቱ ተገንጥዬ እዚህ እስክደርስ አሥራ አንድ ጊዜ የምወርደው ግን ጢም ላበቀለ ወንድ ሁሉ ነው። አንዳንዱ ከሩቅ ሲያየኝ መንገዱ መሐል ገብቶ ይገተራል። እወርዳለሁ። እንዴት አደሩ፣ ከብቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና። ዳገት ላይ ካስወረደኝ ተመልሶ መውጣት የለም፤ እየገፋሁ ነው የምጨርሰው። ባልደረባዬ ስመኘው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዓይነት ብስክሌት ደወሉን እያቃጨለ ሲያልፍ «ጎበዝ!» ይባላል። እሱን ያወረደው የለም። የእኔ ደወል ሳልነካው ዝጓል።

እንዳለው ጠብ አይወድም፣ ሪፖርቱንም የምጽፍለት እኔ ነኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ምናልባት ፍሬኑ እምቢ ብሎሽ ይሆን?» ይለኛል። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል። «በይ እንጅ። ተበጥሶብኝ ነው በይና ጉልበታቸውን ሳሚ። ነገሩ እዚሁ ይብረድ።»

አያ ይርሳው ሰምተዋል። ትከሻቸው ላላ ይላል።

«ፍሬን ከሆነማ ዕቃ ነው» ይላሉ። «በቅሎም ትደነብራለች።»

እንዴት ይቀላል። አንዲት ቃል ተንፍሼ ብስክሌቴን ይዤ መሄድ። እሳቸውም ለአማቾቻቸው የሚሉት ያገኛሉ። ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ግን ነገ ፍሬኑ ተጠግኗል ይባላል፣ እኔም መውረዴን እቀጥላለሁ፤ ምናልባት አሥራ ሁለት ጊዜ።

«ፍሬኑ ደህና ነው» እላለሁ።

እንዳለው ዓይኑን ይጨፍናል።

«ዓይቼዎት ነው ያለፍኩ፣ አያ። አንገቴን ሰብሬ እጅ ነስቼዎታለሁ፣ እርስዎም ዓይተዋል። ንቀት የለብኝም። ነገም ግን አልወርድም። ስመኘውን ያወረዱት ዕለት እኔም እወርዳለሁ።»

የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስቼ ፔዳሉን በእግሬ እመታዋለሁ። ጎማው የእንዳለውን ሱሪ ጭቃ እያለበሰ ይሽከረከራል። ፍሬኑን ስጨብጠው ቀጥ ይላል።

አያ ይርሳው ልጓሙን በቅሎዋ አንገት ላይ ጥለው ይመጣሉ። «እስቲ እንደገና» ይላሉ። አሽከረክርላቸዋለሁ። በዚያ ሞፈር ባሻከረው እጃቸው ፍሬኑን ራሳቸው ይጨብጡታል። ጎማው ቀጥ። ለቀቅ አድርገው ደግመው ይሞክሩታል።

«ይሠራል» ይላሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው አልለዘበም። «አልዋሸችም።»

«ታዲያ ልጻፈው፣ አያ?» እንዳለው ወረቀቱን አግኝቶታል።

አያ ይርሳው ወደ በቅሏቸው ተመልሰው ያልተጣመመ ልጓም ያቃናሉ።

«እንዳለው፣ መሪውን ልቀቅልኝ» እላለሁ። «ገበሬው እየወጣ ነው።»

እሳቸውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ይለቀዋል። እዚያው ፊታቸው ብስክሌቴ ላይ እወጣለሁ። አጠገባቸው ስደርስ አንገቴን ሰብሬ እጅ እነሳለሁ፤ እግሬ ፔዳሉን አይለቅም። «ውረጅ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ እጠብቃለሁ። አጥሩን አልፋለሁ፣ አይመጣም።

መታጠፊያው ላይ አንድ ጎልማሳ ከሩቅ ዓይቶኝ ወደ መንገዱ መሐል ይገባል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይገተራል። አውራ ጣቴን የዛገው ደወል ላይ አድርጌ እጫነዋለሁ፤ መጀመሪያ ዝገቱ ይይዘዋል፣ ቀጥሎ ያቃጭላል።