ከመደርደሪያው የተፈታችው ማገር

የመጋዘኑ ጣራና ግድግዳ የቆሙት በዕቃ መደርደሪያዎቹ ነው፤ በከተማው ቤት ከጠፋ ወዲህ ግን መደርደሪያዎቹ ላይ የሚኖረው ሰው ነው። መደርደሪያዎቹን አጋድሞ የያዘ የብረት ማገር የነካ ከነቤተሰቡ ይባረራል። የእናት አንጀት አይችልምና፣ ዘርፌ ለልጇ አልጋ ቦታ ብታጣ ቦታውን የዘጋችባትን አንዷን ቀጭን ማገር ተደብቃ ፈታች፤ እንዳይታወቅባትም ልብስ ማስጫ አደረገቻት።

በሳምንቱ ከበላይዋ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ አንዳርጌ፣ ወረዱ።

«ልጄ፣ የሻይ ብርጭቆዬ ከጠረጴዛው እየተንሸራተተ ይወድቅብኛል። አንቺስ ጋ?»

«እኔ ጋ ደህና ነው። እጅዎ ተንቀጥቅጦ ይሆናል» አለች።

«እንግዲያ እርጅና ነዋ! ስራመድም ወደ አንድ ጎን ይወስደኛል።» ዓይናቸው ልብስ የተሰጣባት ብረት ላይ አረፈ። «ይህችን ለምርኩዝ ብትሰጪኝስ?»

እምቢ ማለት አቃታት። እየመረቋት ወጡ። ዘርፌ አንጋጣ ስታዳምጥ፣ ማገሯ ከራሷ በላይ፣ በዘመመው ወለል ላይ ቋ፣ ቋ ትላለች።