የምስጋናው ዛፍ

«ጻፊልኝ እንጂ ልጄ፤ እኔ እንደሁ ከአውራ ጣቴ ሌላ መፈረሚያ የለኝም» አሉ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለተሐና፣ ባልዲያቸውን ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጠው።

ራሔል ኮከብ የታተመበትን ካርድ ወደ ራሷ ሳበች። ነገ ገና ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ቴዎፍሎስ ከአዲስ አበባ ባስመጡት የፕላስቲክ ዛፍ ላይ የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ ምስጋናውን ጽፎ እንዲሰቅል ታዟል። አሳምሮ ያመሰገነ ቴሌቪዥን ይሸለማል። በረዶ እንዲመስል ቅርንጫፎቹ ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ጠዋት ደጁ ሁሉ በአመዳይ ነጥቶ ለሚጠብቀው ለደብረ ብርሃን ሰው፣ ጥጥ።

«ምን ብዬ ልጻፍልዎት፣ እትዬ?»

«መጀመሪያ እግዚአብሔርን።»

«እሱ ከዳኞቹ ውስጥ የለም።»

ወለተሐና ሳቁ። «አንቺ፣ ይቺ ምላስሽ! በይ እንግዲያው፣ ለአቶ ቴዎፍሎስ ዕድሜ ይስጥልኝ በይ። እንጀራዬ ናቸው። ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ትጨርሳለች፤ እሷ እስክትጨርስ ሥራዬን አያሳጣኝ በይ።»

የራሔል እጅ ቆመ። ክርኗ ሥር አራት የታሸጉ ፖስታዎች ነበሩ። የአራት ጽዳት ሠራተኞች ስንብት ነው፤ ጠዋት የተየበችው እሷው ናት። ከላይ ያለው የወለተሐና ነው። «በዓሉን እንዳናበላሽባቸው ከገና ማግስት ይሰጣቸው» ብለዋል አቶ ቴዎፍሎስ፣ ቸርነት እንደሚያደርግ ሰው። ቀጥለውም «አንድ ቃል ቢወጣ አምስተኛው ፖስታ ያንቺ ነው» ብለዋታል።

«ምነው ቆምሽ? በዛብሽ?»

«አይ፣ እየጻፍኩ ነው።» ጻፈችው፤ ‹ሥራዬን አያሳጣኝ› የሚለውን ሳታስቀር።

«አንቺንም ጨምሪ።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩልዎት?»

«አምና ውሌ ሲታደስ የጻፍሽልኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ያዘዙኝን ነው የምጽፈው፣ እትዬ።»

«ቢሆንስ! ያው እጅሽ አይደል የጻፈው? ‹ራሔልን እግዜር ይስጥልኝ› በይ።»

ራሔል የገዛ ስሟን ጻፈች። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስትቀመጥ እንዲህ የከበዳት ዓረፍተ ነገር አልገጠማትም።

ወለተሐና ካርዱን ተቀብለው ያነበቡ ያህል ከላይ እስከ ታች አዩት። ሄደው ጥጡን ገለጥ አድርገው፣ እጃቸው ከሚደርስበት ከፍተኛው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። ተመልሰው እርጥቡን ጨርቅ ከባልዲው አወጡ።

«ክንድሽን አንሺማ። እኔም ጠረጴዛሽን ልወልውልልሽ።»

ራሔል ክንዷን አነሳች። ወለተሐና አራቱን ፖስታዎች ብድግ አድርገው ከሥር ያለውን ወለወሉ፤ ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክለውም ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

ከላይኛው ፖስታ ላይ፣ ከስማቸው ግርጌ፣ የእርጥብ አውራ ጣታቸው አሻራ ቀርቶ ነበር።